ኮምፒውተሩን በቀትር ያለበሰው ሰው

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። ባለ ሱቁ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ በቀለም ብሩሽ አቧራ ይጠርጋል። "እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ግሎብኝ ነው" አለኝ። ሳይነግረኝም ሽታው ደርሶኝ ነበር። የጋለ አቧራ ሽታ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውሎ ቤት የገባ ብርድ ልብስ ዓይነት፣ ትንሽ የላስቲክ ቃና ያለበት። ሌላው ሰው ወጣትነቱ በሽቶ ትዝ ይለው ይሆናል፣ የእኔ ግን በአቧራ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አየሁት። የዛሬው ፋን፣ ማራገቢያው ማለቴ ነው፣ ቀይና አረንጓዴ እያበራ ነው የሚዞረው፤ የሠርግ ድንኳን አስመስሎታል። "ልጄ፣ የኋላው ወደ ውጪ ነው የሚነፋው?" ብዬ ጠየቅኩት። ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና "እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ይሄን የት አወቁት?" አለኝ። "ባለቤቴ ቡና አድራቂ ነበር" አልኩት። ምን እንደሚያገናኘው አልገባውም፤ ጨዋ ልጅ ስለሆነ ግን ራሱን ነቀነቀልኝ። ኮፒዬን ይዤ ወጣሁና እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ባጃጁ ሁሉ እየቆመ "እማማ ግቡ" ቢለኝም አልገባሁም፤ የማስበው ነገር ነበረኝ።

ዲላ ያን ጊዜ እንዲህ አልነበረችም። ኮሌጁ ገና ዩኒቨርሲቲ የተባለ ሰሞን ነው። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሰውም እቃም የሚያጓጉዘው ጋሪ ነበር፤ ባጃጅ አንድ ሁለት ብቅ ብሎ ጋሪ ነጂዎቹ በክፉ ዓይን ያዩታል። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል። አንድ ብርጭቆ የአቮካዶ ጭማቂ በማንኪያ ካልሆነ አይወርድም፣ እንደዚያ ወፍራም ነው፤ ዋጋውም ሁለት ብር ቢሆን ነው። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን መንገድ ላይ አውጥቶ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል፤ ሳትወዱት ትሸመድዱታላችሁ። ተማሪ ሁሉ ጫማውን የሚሸፍን ሰፊ ጂንስ ለብሶ በክረምቱ ጭቃ ይጎትተዋል። እኔ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክዬ፣ ታይፔን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ልጅነቴ ሸዋ ነው፤ አባቴ ጨርቅ ሊነግድ ዲላ ገብቶ በዚያው ቀረ፣ እኔም በዚያው ቀረሁ። ጣቴ ፈጣን ነበር፣ አፌም እንደዚያው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ ሲበዛ ግን ደንበኞቼ አንድ በአንድ ከጃንጥላዬ ሥር ጠፉ። የታይፕ ስህተት በነጭ ቀለም ይሸፈናል፣ ኮምፒውተሩ ግን ስህተት እንደነበረ እንኳ አያሳይም፤ ማን በደንበኞቼ ይፍረድ?

ባለቤቴ ጅግሶ የጌዴኦ ሰው ነው። ሬኮ በሚባል ቀበሌ ባለው ቡና ማጠቢያ የማድረቂያ አልጋዎቹ አለቃ ነበር። ላላየ ሰው፣ አልጋ የሚባለው በእንጨት እግር ላይ የተወጠረ የሽቦ ወንፊት ነው። ተፈልፍሎ የታጠበው ቡና ነጭ ገለባውን እንደለበሰ እሱ ላይ ይሰጣል፤ ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው እየዘፈኑም እየተሟገቱም መጥፎውን ይለቅማሉ። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ገለባው እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል፣ ሲበርድ ይገለጣል። ጅግሶ ሠላሳ ስድስት አልጋ እንዲህ ሲያለብስና ሲገልጥ ሃያ ዓመት ኖረ። አንድ ክረምት ጆንያ ተሸክሞ ተንሸራተተና ወገቡን ተጎዳ። ደረቱም የቆየ ሳል ነበረበት። ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሰውየው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። ወንበሩን ከበሩ አጠገብ ያደርግና ይቀመጣል፤ እኔ ስመጣ ለአክብሮት የሚነሳ ይመስል ብድግ ሊል ይሞክራል። "ልርዳሽ?" ይለኛል፣ "ተው ወገብህን" እለዋለሁ፣ መልሶ ይቀመጣል። ማጣቱን አልፈራሁም፣ ቆጮም ጎመንም ነበረን። የፈራሁት ጅግሶ የማያስፈልግ ሰው ነኝ ብሎ እንዳያምን ነበር። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያምን እያየሁት ነበር።

ታይፑን ትቼ ኮምፒውተር ልይዝ ስቆርጥ የተዘጋጀ መግዛት አልቻልኩም። ሸምሱ የሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ጎረቤት ነበረን፣ መርካቶ በሄደ ቁጥር አንድ አንድ ነገር እያመጣ ሳጥኑ፣ ማዘርቦርዱ፣ ስክሪኑ ሳሎናችን ውስጥ ተጠራቀመ። የሚገጥምልን ኤርሚያስ ነው ተባለ፤ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ከሁለት ቃል አንዱን እንግሊዝኛ ካላደረገ አይረካም። አንድ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ምንጣፋችን ላይ ተቀምጦ ሲገጥም ዋለና ስምንት ሰዓት ሲሆን ብድግ አለ። እህቱ ልትዳር ነው፣ መኪናው ሊያመልጠው ነው። "እትዬ፣ ሲስተሙ ኦኬ ነው። የቀረው ሲምፕል ነው፣ ሁለት ፋን ማሰር ብቻ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ኬብላቸው እዚህና እዚህ ይሰካል" ብሎ በጣቱ አሳይቶን በረረ። ወደየት እንደሚነፉ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። "ሌላ ሰው ልፈልግ" ስል ጅግሶ ከወንበሩ ተነሳ። "ምን ሰው ትፈልጊያለሽ? ሠላሳ ስድስት አልጋ ያደረቅኩ ሰውዬ ሁለት ማራገቢያ ያቅተኛል?"

ያን ዕለት ከሰዓት ኩሽና ሆኜ እሰማው ነበር። ጠረጴዛውን መስኮት ሥር አስጠግቶ፣ ክሩ የተቋጠረ መነጽሩን አድርጎ፣ በጌዴኦኛ ከራሱ ጋር ይማከራል። የፋኑ መሰኪያ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ በአንድ ወገኑ ደግሞ ከንፈር የምታህል ጠርዝ፤ ሰውየው ሳይቸኩል ጠርዟን ከአቻዋ ጋር አገናኝቶ ሰካት። "በግድ አትገፋም፣ የራሷ በር አለው" አለኝ። ጅግሶ አማርኛው ላይ ወንዱንም ሴቱንም እኩል ነበር የሚያይ። ሽቦዎቹ ክንፉን እንዳይነኩ በእንሰት ቃጫ ጠፍሮ አሰራቸው፤ የጆንያ አፍ የሚያስርባት የራሱ ቋጠሮ አለችው፣ በዚያች። ከዚያ ፋኖቹን ሁለቱንም ወደ ውስጥ እንዲነፉ አድርጎ በብሎን አጠበቃቸው። "ትኩስ ነገር ምን ይደረጋል? እፍ ይባላል። ከፊትም ከኋላም እፍ ይሏታል" አለ። ለእኔም እውነት መሰለኝ፤ ሻይ ሲያቃጥለኝ እፍ ነው የምል። መብራቱን አስነካው፣ ሁለቱም ዞሩ። "ወይንሸት፣ ነይ እይ" ብሎ ጠራኝ፣ እጄን ሳልጠርግ ሄድኩ። ከሬኮ ከመጣ ጀምሮ ያላየሁትን ፊት አየሁ። በዚያች ሰዓት ፋኑ ወደ ሰማይ ቢነፋም ግድ አልነበረኝም።

ሥራ ጀመርን። ሳሎናችን ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ አንድ ገጽ በብር ከሃምሳ እጽፋለሁ፣ የምርቃት ሰሞን ተማሪው በረንዳው ላይ ወረፋ ይይዛል። ጅግሶ የማሽኑ ጠባቂ ነበር። ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል። አምስት ሰዓት ሲሆን እጁን ሳጥኑ ላይ ያሳርፍና "ሞቃለች" ይላል። ከዚያ ከቁም ሳጥን ንጹሕ አንሶላ አውጥቶ፣ ለሁለት አጥፎ፣ ከላይ እስከ ታች ያለብሰዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገልጦ አንሶላውን አጥፎ ያስቀምጣል። ሰው ቤት ኮምፒውተር በዳንቴል ሲሸፈን ስላየሁ ክፋቱ አልታየኝም። ማሽኑ ግን ስድስት ሰዓት ባለፈ ቁጥር ድርግም ይላል። "መብራት ነው" ይላል ጅግሶ፣ እኔም "መብራት ነው" እላለሁ፤ የጎረቤታችን ሬዲዮ ግን ይዘፍናል። አንድ ቀን ሐያት የምትባል ከወሎ የመጣች ተማሪ የጥናት ጽሑፏን ስታጽፈኝ አሥራ ሁለት ገጽ እንደ ጉም በነነባት። ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጅግሶ ሻይ ቀዳላትና "አይዞሽ ልጄ፣ መብራት ነው" አላት። ሁለት ቀን ከጃንጥላ ዘመኔ ባልተናነሰ ፍጥነት መልሼ ጻፍኩላት፣ በእርሳስ የጻፈችው ስለነበር ዳነች።

ኤርሚያስ ከሠርጉ ተመልሶ ሲመጣ ጅግሶ ጸሎት ቤት ሄዶ ነበር፣ እሑድ ነው። ልጁ ጎኑን ከፈተና ሳቀ። "እትዬ፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ! የኋላው እኮ ሙቀቱን ማስወጣት ነው ያለበት። ይሄ ደግሞ ግድግዳው ሥር ሆኖ ፓወር ሰፕላዩ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይጠጣዋል። ማን ነው ያሰረው?" አፌ ላይ የመጣው "እኔ" የሚል ነበር። አየኝ፣ ከዚያ ቃጫውን አየ፣ ሳቁን ተወ። "የኋላውን አዙረው። ጋሼ እንዳያውቅ" አልኩት። አዞረው፣ ቃጫውንም እንደነበረ ለማስመሰል መልሶ አሰረው። የአንሶላውን ነገር ስነግረው ራሱን ያዘ። እሱን ለእኔ ተወው አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጅግሶ በቀትር ያለብሳል፣ እሱ ለምሳ ጓዳ ሲገባ ወይ ሊያሸልብ ሲል እኔ እገልጣለሁ፣ ኮቴውን ስሰማ መልሼ አለብሳለሁ። ወራት እንዲህ ኖርኩ። ማሽኑ መጥፋቱን ተወ። "አየሽ፣ ለመደችኝ" ይለኝ ነበር፣ "ለምዳሃለች" እለዋለሁ። ባሌን የተንከባከብኩ መስሎኝ በራሴ እኮራም ነበር፤ አሁን ሳስበው ይከነክነኛል።

ጥር ላይ ይመስለኛል፣ አቧራው ቀይ ሆኖ ሁሉ ነገር ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው፣ ከገበያ ስመለስ ጅግሶ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ከፍቶታል። አቧራ ሊጠርግ ነው የከፈተው። ቃጫው ላይ ያለው ቋጠሮ ግን የእሱ አልነበረም። ከሬኮ የሚላክልን ገለባው ያልወለቀ ቡና ቤት ውስጥ አይጠፋም፣ ጥቂቱን በመዳፉ አሽቶ ገለባውን ለይቷል፣ ማሽኑን አስነስቷል። ከፊተኛው ፋን ፊት ቁንጥር ገለባ ለቀቀ፣ ወንፊቱ ላይ ተለጠፈ። ከኋለኛው ፊት ለቀቀ፣ ተበትኖ ፊቱ ላይ መጣ። ሪዙ ላይ ገለባ ተሰክቶ ቆሞ አየኝ። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ዓይኑን ሳይ ጠፋ። ዘጋው፣ ጠረገ፣ ወንበሩን ወስዶ ከበሩ አጠገብ አደረገ። ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሰም። እኔም ሦስት ቀን የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ነበር።

በአራተኛው ቀን ደንበኛ ሲወጣ "ፋኑን ማን አዞራት?" አለኝ። "ኤርሚያስ" አልኩ። "ማን አዘዘው?" "እኔ።" "አንሶላውንስ?" እሱንም ያውቃል ማለት ነው፤ አንገቴን ደፋሁ። ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። "ሬኮ ላይ እነዚያ ለቃሚ ሴቶች በቀን አንዴ ጅግሶ ተሳስተሃል ይሉኛል። ይሄ አልጋ ወፍሯል፣ ቡናው ሊሸት ነው ይሉኛል። እናደዳለሁ። ሄጄ አያለሁ፣ እውነታቸውን ነው። አለቃ የሆንኩት ለዚያ ነው፣ ስለሚነግሩኝ። ስህተቱን የሚደብቁለት ሰው በሽተኛ ነው ወይ ሕፃን ነው። አንቺ የትኛው አደረግሽኝ?" "እንዳይከፋህ ብዬ ነው" አልኩት። "ከፍቶኛል" አለ። "በፋኑ አይደለም የከፋኝ።" አፈርኩ። እንግዳ እንዳይሆን ብዬ የደከምኩለት ሰው፣ ለካ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ እንኳ ሳልለው አለቀስኩ።

ጅግሶ እስክጨርስ ጠበቀኝና ማሽኑን መልሶ ጠረጴዛ ላይ አወጣ። "አሁን ንገሪኝ፣ ምን ምን ተሳሳትኩ?" ነገርኩት። የፊተኛው ይሳብ፣ የኋለኛው ያውጣ፣ ከግድግዳውም ይራቅ። ኤርሚያስ ያሰረውን ፈታ፣ ሁሉን ነቅሎ እንደገና በራሱ እጅ ገጠመው፣ በራሱ ቋጠሮ አሰረው። "ማልበሱስ?" አለኝ። "ማልበሱም ስህተት ነው።" እዚህ ላይ ተከራከረኝ። "ሙቀት ሲበረታ ይሸፈናል፣ ይሄን እንኳ አውቃለሁ።" "ቡናው የሚሞቀው ከላይ ከፀሐይ ነው፣ ብትሸፍነው ይድናል። ይሄ የሚሞቀው ከሆዱ ነው፣ ብትሸፍነው ይታፈናል" አልኩት። መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሳቀ፣ ወገቡን ይዞ ነው የሳቀው። "ሃያ ዓመት ያለበሰ እጅ መቼ ይተዋል" አለ። አንሶላው ወደ አልጋችን ተመለሰ። "ከዛሬ ጀምሮ ሁሉን ፊት ለፊት ንገሪኝ፣ ክፉውንም" አለኝ። "እሺ" አልኩት። ቀላል እሺ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ባገኛቸው እንደገና እኖርባቸዋለሁ። ጅግሶ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ትቶ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ከገደብ ከተማ ሳይቀር ማሽናችን ግሎብናል የሚሉ ይመጡ ጀመር፤ ከፍቶ፣ ቁንጥር ገለባ ለቆ፣ ንፋሱ በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ያሳያቸዋል። ተማሪዎቹ ይስቁበታል፣ እሱም ይስቅባቸዋል። እኔም ቃሌን ጠበቅኩ። ሾርባው ጨው ሲበዛበት በዝቷል፣ ሸሚዙ ሲቆሽሽ ቆሽሿል እለዋለሁ፤ ጎረቤት ጨካኝ ሴት ሳይለኝ አልቀረም። መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ ጋሪው ቀረ፣ ሰፊው ጂንስ ጠብቦ መጣ። ሐያት ተመርቃ ስትሄድ ፎቶዋን ከጀርባው ፈርማ ሰጠችን። የጅግሶ ሳል ግን አልለቀቀውም፤ አንድ ክረምት ደም ሲቀላቅል ሐዋሳ ሆስፒታል ወሰድኩት።

አገራችን ልማዷ ይታወቃል። ሐኪም ለበሽተኛው አይነግርም፣ ዘመድ ነው የሚጠራ። ዘመድም ይሰማና ፊቱን ታጥቦ "ደህና ነህ ብሎሃል" እያለ ይገባል። የጠሩት እኔን ነበር፣ የጅግሶ ታላቅ ወንድም በራሶና እህታቸውም አብረውኝ ሰሙ። ኮሪደሩ ላይ በራሶ እጄን ያዘኝ። "ወይንሸት፣ እንዳትነግሪው። ታይፎይድ ነው በይው። ተስፋውን አትቁረጪበት" አለኝ፣ እያለቀሰ። ክፋት የለበትም፣ ወንድሙን ስለሚወድ ነው። እኔም እወደው ነበር፣ መናገሩንም ፈርቼው ነበር። ኮሪደሩ አጭር ነው፣ ለእኔ ግን ከዲላ ሐዋሳ ረዘመብኝ።

ስገባ ጅግሶ ትራሱን ከፍ አድርጎ ተቀምጧል። "ምን አለሽ?" አለኝ። በሩ ላይ ወንድሙና እህቱ በዓይናቸው ይለምኑኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "አይድንም አለኝ" አልኩት። "የሚሰጡህ መድኃኒት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያጠፋውም። ያለህ ወራት ነው አለኝ።" ድምፄን ልይዘው ሞክሬ ነበር፣ ከመካከል አምልጦኛል። እህቱ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ጅግሶ ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እጄን ፈልጎ ያዘኝ። "ጎሽ" አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ "እናንተ ውጪ ቆዩን" አላቸው። "እኔና ሚስቴ የምንማከረው አለን።"